ግድግዳው ላይ የለጠፍከውን ውጤት አውርደው፦ ለፈተና በልማድ ማጥናት፣ ደረጃ በደረጃ

12ኛ ክፍል ሳለሁ ከአልጋዬ በላይ አንድ ወረቀት ለጥፌ ነበር። የምፈልገው ውጤት በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልቁ ተጽፎበታል። ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ፣ ማታ ስተኛም አየዋለሁ። መስከረም ላይ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ጥር ላይ ፊቴን አዞርበት ጀመር። ሚያዝያ ላይ እናቴ ቤት ስታጸዳ መሬት ወድቆ አገኘችውና "ይሄ ይጣል?" ስትለኝ "ይጣል" አልኳት። በዚያ ሁሉ ወራት ወረቀቱ አንድም ቀን "ዛሬ ከእራት በኋላ ይህን ሥራ" ብሎኝ አያውቅም። ቁጥር ነዋ፣ ምን ሊለኝ ይችላል? ውጤቴም ከተጻፈው አጠገብ እንኳን ሳይደርስ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ታናሽ እህቴ 12ኛ ስትደርስ እሷም ወረቀትና ማርከር ይዛ መጣች። "ቆይ እስቲ" አልኳት። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ በኋላ አብረን የሠራነውን ነው፣ ሲበላሽ እያስተካከልን፣ አንዳንዴም እየተጨቃጨቅን። ምሳሌዬ ብሔራዊ ፈተናው ነው፤ ሪሚዲያል (ማለፊያው ላልሞላላቸው የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ላይ ላለም፣ ለዩኒቨርሲቲ ፋይናል ለሚዘጋጅም፣ ቀን እየሠራ ማታ ለሚማርም ግን ያው ነው። "አንተ" እያልኩ የምሄደው እንዳይንዛዛ ነው፣ አንቺም ያው ነሽ።

ቁጥሩ ለምን አያስጠናም

ውጤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። 50 በመቶ ያላመጣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ እንደማይገባ ማንም ያውቃል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ግን ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ፊዚክስ ፊትህ ተቆልሎ፣ እነዚህን ቁጥሮች ብታስብ ያስፈራሃል እንጂ አንድ ጥያቄ አያሠራህም።

ደግሞ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ በእጅህ አይደለም። ጥያቄውን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው። በፈተናው ቀን ራስ ምታት ሊነሳብህ ይችላል። ዛሬ ማታ 10 ጥያቄ ሠርቶ ማረም ግን ማንም የማይነካብህ ነገር ነው። ውጤት በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ እስከዚያ በየማታው "ገና ነኝ" እያልክ ነው የምትተኛው። የማታው ሥራ ግን ማታውኑ ያልቃል። አለቀ፣ ተኛ።

1. ቁጥሩን አንድ ጊዜ ተጠቀምበትና መሳቢያ ውስጥ ክተተው

ቁጥር አንድ ጥሩ ሥራ አለው፦ ጊዜህን የት እንደምታውል ይነግርሃል። ስለዚህ ምንም ሳትዘጋጅ ያለፈ ዓመት ፈተና አውጣና ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ሰዓት ይዘህ ሥራ። በአንድ ቀን አይደለም፣ በሳምንት ውስጥ ከፋፍለው። ከዚያ ራስህን ሳታባብል አርም። ያሳፍራል፣ ይሁን።

እህቴ ባዮሎጂ 62፣ ሒሳብ 28 አመጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ አብዛኛውን ጊዜዋን የምታጠፋው ባዮሎጂ ላይ ነበር። ለምን? ስለሚገባት። የሚገባህን ማንበብ ደስ ይላል፣ ቀለሜ የሆንክ ይመስልሃል። ከዚያ በኋላ ከሳምንቱ ስድስት ማታ ሦስቱን ለሒሳብ ሰጠን፣ ሦስቱን ሌሎቹ ተካፈሉት። አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተናው) ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪ ስለሌለው ሁሉም ይረሳዋል፣ ነጥቡ ግን እንደ ሌሎቹ ነው፤ ለእሱ ቅዳሜ ጠዋትን ያዝንለት።

ይህን ከወሰንክ በኋላ የቁጥሩ ሥራ አልቋል። መሳቢያ።

2. ሳምንትህን እንዳለ መዝግብ

አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ፕሮግራም የምናወጣው እሁድ ማታ፣ ጠግበን፣ አርፈን፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነው። "ከ11 ሰዓት እስከ 1 ኬሚስትሪ፣ ከ1 እስከ 3 ሒሳብ፣ ሌሊት 10 ተነስቼ እንግሊዝኛ"። በአራት ቀለም ይሰመራል። እስከ ረቡዕ ከቆየ ጥሩ ነው።

ፕሮግራም ከማውጣትህ በፊት ለ7 ቀን የምትኖረውን ብቻ ጻፍ። ስንት ሰዓት ቤት ትገባለህ? ውኃ የሚቀዳው፣ ሱቅ የሚላከው ማነው? ቴሌቪዥኑ መቼ ነው የሚጮኸው? እንግዳ የሚበዛው መቼ ነው? ስልክ ላይ ስንት ሰዓት ሄደ? (ይህንን ስልኩ ራሱ ይነግርሃል፣ ቅንብሩ ውስጥ ግባና እየው። ትደነግጣለህ።) እህቴ ቤት ውስጥ ጸጥታ የምታገኘው ከእራት በኋላ ላለች አንድ ሰዓትና ጠዋት ሰው ሳይነሳ ላለች ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደሆነ የገባን እንዲህ ስንጽፍ ነው። በአራት ቀለም የተሰመረው ፕሮግራሟ በቀን 5 ሰዓት ይላል። 5 ሰዓቱ ቤት ውስጥ አልነበረም፣ ከየት ይምጣ?

3. ጥናቱን ሰዓት ላይ ሳይሆን ድርጊት ላይ እሰረው

"በ2 ሰዓት አጠናለሁ" ካልክ እራት በ2 ሰዓት ተኩል የቀረበ ቀን ፕሮግራሙ ፈረሰ። "እራት በልተን ትሪው ከተነሳ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን እከፍታለሁ" ካልክ ግን እራት በማንኛውም ሰዓት ይቅረብ፣ ትሪው መነሳቱ አይቀርም። ትምህርትህ በፈረቃ ከሆነ ይህ ይበልጥ ይጠቅምሃል፣ ምክንያቱም ሰዓቱ ቢገለባበጥም ድርጊቱ አይገለባበጥም።

ይህ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም። ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ያጠናው ነገር ነው፦ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ የወሰነ ሰው፣ "አደርገዋለሁ" ብቻ ካለው ይልቅ ያሰበውን ይፈጽማል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ከምን በኋላ፣ የት፣ ምን። "ትሪው ከተነሳ በኋላ፣ እራት ጠረጴዛው ላይ፣ 10 የሒሳብ ጥያቄ"። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ካማረህ ይህንን ለጥፍ።

4. የማታውን መጠን አሳንሰው፣ ከምታስበው በታች

10 ጥያቄ ስል እህቴ ሳቀችብኝ። "10 ብቻ? ጓደኞቼ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያነቡት።" ያነባሉ፣ ለሦስት ቀን። ከዚያ አንድ ሳምንት ይተኛሉ።

ሁለት መጠን ወስን። አንደኛው የደህና ቀን ነው፦ 10 ጥያቄ ከነእርማቱ፣ ወደ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛው የክፉ ቀን ነው፦ ሁለት ጥያቄ። ክፉ ቀን ማለት ያመመህ፣ ለቅሶ ቤት የዋልክበት፣ ወይ መብራት የሄደበት ቀን ነው። ለመብራቱ ቀድመህ ተዘጋጅ፦ ጥያቄዎቹ ስልክ ላይ ብቻ አይሁኑ፣ የሳምንቱን በወረቀት አሳትመህ ወይ በእጅህ ገልብጠህ ያዝ። ሁለት ጥያቄ በሻማም ይሠራል።

ሁለት ጥያቄ ምን ይጠቅማል ትለኝ ይሆናል። ለዕውቀት ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ትሪው ሲነሳ እጅህ ወደ ደብተር መሄዱን እንዳይረሳ ነው። ደግሞ ሁለት ልሥራ ብለህ ተቀምጠህ ሰባት ሠርተህ የምትነሳበት ማታ ብዙ ነው። መብዛት ክልክል አይደለም። ነገን ግን በዛሬው አትለካው፤ ነገም 10 ነው።

5. ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?

ልማዱ "ማንበብ" ከሆነ ይህን ሁሉ የደከምነው በከንቱ ነው። ገጽ እየገለጡ በቢጫ ማስመር ጥናት ይመስላል። በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ ጽሑፍ ሰጡ። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ አነበበው። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ 83 ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። መሸምደድ ማታውኑ "ያዝኩት" የሚያሰኝህ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የሚከዳህ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእኛ ማታ እንዲህ ነበር። ደብተር ከመክፈት በፊት 5 ደቂቃ ባዶ ወረቀት ላይ ትናንት ስለተሠራው የምታስታውሰውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ቀመርም ይሁን ሥዕል። ከዚያ መጽሐፍ ተዘግቶ 10 ጥያቄ። ከዚያ እርማት። መጽሐፍ የሚከፈተው አሁን ነው፣ ያቃታትን ለማየት ብቻ። ሙሉ ምዕራፍ ማንበብ ካስፈለጋት ቅዳሜ ታነባለች።

እርማቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ውጤት የሚገኘው እዚህ ነው። አንድ ማታ የፊዚክስ ጥያቄ መጣ፦ ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ስበቱን 10 ያዙ ይላል። እህቴ 20ን በ2 አባዛች፣ ለ10 አካፈለች፣ 4 አገኘች፣ 4ን ምርጫው ውስጥ አየችው፣ አከበበች። መልሱ 2 ነው። ያገኘችው 4 የጊዜው ስኩዌር ነበር፣ ሥሩን ማውጣት ቀርቷታል። "ቀመሩን አውቀዋለሁ እኮ!" ብላ ተናደደች። አዎ፣ ታውቀዋለች። ጥያቄ አውጪውም የሚሳሳቱት የት እንደሆነ ያውቃል፣ 4ን ምርጫ ውስጥ ያስቀመጣት ለዚያ ነው።

ይህ "ተሳስቻለሁ" ተብሎ ብቻ ከታለፈ በሳምንቱ ይደገማል። ስለዚህ አንድ ተራ ደብተር ገዛን፣ የስህተት ደብተር። ለእያንዳንዱ ስህተት ጥያቄው፣ ቀኑ፣ እና በአንድ መስመር ምክንያቱ ይጻፋል። እሷ የጻፈችው፦ "ስኩዌሩን ረሳሁ፣ 4 ላይ ቆምኩ።" ምክንያቶቹ ሲጠራቀሙ አራት ዓይነት ብቻ ሆነው አገኘናቸው፦ አላወቅኩም፣ አውቄ ረሳሁ፣ ቸኮልኩ፣ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። በመጀመሪያው ወር ከግማሽ በላይ የሆኑት "ቸኮልኩ" ነበሩ። ሒሳብ አልችልም የምትል ልጅ ችግሯ ጥድፊያ ሆኖ ተገኘ!

አራተኛው፣ "ጥያቄው ራሱ አልገባኝም" የሚለው፣ የቋንቋ ጉዳይ ነው። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ያቃተህን ሐሳብ በአማርኛ፣ ድምፅ አውጥተህ፣ ለታናሽህ ወይ ለእናትህ አስረዳ። ማስረዳት ካቃተህ የያዝከው ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አይደለም ማለት ነው። እናቴ ስለ ኦስሞሲስ በግድ ተምራለች፤ አሁን ጎመን ላይ ጨው ሲበዛ "ውኃውን ሳበው" ትላለች።

የተሳሳትከውን ጥያቄ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሥራው። ቀኖቹን ከጥያቄው አጠገብ ቀድመህ ጻፋቸው። ኢቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ አዲስ ነገር በፍጥነት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ በመሀል እያረፉ መመለሱ ነው የሚያቆየው።

6. ስልኩ

ሌላ ክፍል ይሁን። አጥፍቶ ጎን ማስቀመጥ፣ ገልብጦ ማስቀመጥ፣ "ቴሌግራም ላይ ዎርክሺት ላወርድ ነው" ማለት፣ ሁሉንም ሞክረናል። ዎርክሺቱ እሁድ ይወርዳል፣ ማታ ማታ ስልኩ እናቴ ጋ ነው። በቃ።

7. የምትቆጥረው ቀኑን ነው

የግድግዳ ካላንደር ግዛ። የሠራህበትን ቀን በእስክሪብቶ ኤክስ አድርግበት። ስንት አገኘሁ ብለህ አትጻፍ፣ ሠርተሃል ወይስ አልሠራህም ብቻ። የክፉ ቀኗ ሁለት ጥያቄም ሙሉ ኤክስ ናት።

ቀን ሲያመልጥስ? ያመልጣል። በዓል አለ፣ ሠርግ አለ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ይኑርህ፦ ሁለት ቀን በተከታታይ አይለፍ። ሎንዶን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታትሎ ነበር። ነገሩ ያለ ትግል የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ከሰው ሰው ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፣ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን እንደማያፈርሰው ታይቷል። አስላው፦ መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛ ቀኑ ኅዳር 6 ነው። እስከዚያ ድረስ ቢከብድህ ሰነፍ ሆነህ አይደለም፣ ገና ስላልበሰለ ነው። ጥር ላይ ብትጀምርም እስከ ፈተናው በቂ ጊዜ አለህ። ግንቦት ላይ ከሆንክ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ልማዱ ሳይበስል ፈተናው ይደርሳል፤ ያም ሆኖ ደረጃ 5ን ብቻ ወስደህ በየቀኑ ሥራ።

የእህቴ የታኅሣሥ ገጽ ላይ አራት ክፍት ቦታ ነበር። አንዱ የገና ዋዜማ ነው። ሌሎቹን ጠየቅኳት፣ ሦስቱም ሐሙስ ናቸው። ሐሙስ ለካ አክስቴ ቤት እየተላከች፣ ደክማ ነበር የምትመለሰው። ከዚያ በኋላ ሐሙስን የሁለት ጥያቄ ቀን አደረግነው።

8. እሁድ፣ 20 ደቂቃ

ከቡና በኋላ ካላንደሩንና የስህተት ደብተሩን ይዘህ ተቀመጥ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ የትኛው ቀን ነው የሚያመልጠኝ? የትኛው ዓይነት ስህተት ነው የሚደጋገመው? ከዚያ አንድ ነገር ቀይር። ሁለት አይደለም፣ አንድ። ሁሉንም ባንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም፣ ደግሞ ያ ባለ አራት ቀለም ፕሮግራም ተመልሶ ይመጣል።

በወር አንዴ ደግሞ ሙሉ የሞዴል ፈተና ሰዓት ይዘህ ሥራ። ውጤቱ ዝቅ ካለ አትሸበር፤ ቴርሞሜትር ነው፣ ትኩሳቱን ይነግርሃል እንጂ አያክምህም። መድኃኒቱ ስህተት ደብተሩ ውስጥ ነው፣ ቀጣዩን ወር የሚመራው እሱ ነው።

9. ልማዱን ጠቅልለህ ግቢ ውሰደው

ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረህ ልትፈተን ትችላለህ፣ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ያ ማለት የእራት ጠረጴዛህ የለም፣ የእናትህ ትሪ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ልማድህ ቤትህ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ በጣም በምትፈልገው ሳምንት ጥሎህ ይቀራል።

ስለዚህ ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ ማሰሪያውን የትም ወደሚሄድ ነገር ቀይረው። እኛ ጥርስ መቦረሽ ላይ አሰርነው፦ ቦርሻ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ባዶ ወረቀት ላይ ማስታወስ፣ ከዚያ መተኛት። ለባዶ ወረቀት እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ሌሊት ማንበቡን አቁምና በጊዜ ተኛ፤ ፈተና ጠዋትም አለ፣ ጭንቅላትህ በዚያ ሰዓት መንቃትን ይልመድ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እህቴ ከግቢ ተመልሳ የነገረችኝ ነው። ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ዶርም ውስጥ ልጆቹ "17 ላይ ምን አልሽ?" እየተባባሉ መልስ ማመሳከር ጀመሩ። አንዷ አለቀሰች። እህቴ ፎጣዋን ይዛ ወጣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ጥርሷን ቦረሸች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስለ ነገው ፈተና የምታስታውሰውን ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ተመልሳ ተኛች። 17ን ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።